አባባ የረሱት ሽቦ

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጉልበትሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ከሁሉ በላይ አባባ እንዴት ናቸው? እኔ በጤናው በኩል ደህና ነኝ። በንዴቱ በኩል ግን ይኸው ሁለት ቀኔ፣ ምግብም አልበላ ብሎኛል። ደብዳቤው ቢጎረብጥሽ ቻይኝ።

ቅዳሜ ዕለት የስፌት ቤታችን ባለቤት አውቶቡስ ተከራይታ ሠራተኞቹን በሙሉ የድሮውን ቤተ መንግሥት ልታስጎበኘን ወሰደችን። አባባ ሃያ ስድስት ዓመት አትክልተኛ የነበሩበት ግቢ ነው፤ እኔ ግን አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም። ያኔ ለሠራተኛ ቤተሰብ ክልክል ነበር፣ ዛሬ ቲኬት ለቆረጠ ሁሉ ክፍት ነው። አዳራሹን አየን፣ ወርቅ ቅብ ወንበሩን አየን። የመጋረጃው ጠርዝ ተተርትሮ ስናይ እኛ ጋ ቢሆን ከደሞዝ ያስቆርጥ ነበር ተባብለን ሳቅን። እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ዕፅዋቱ መናፈሻ ገባን። አስጎብኚው፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት፣ በገመድ የታጠረ ዛፍ ጋ አቆመን። በአንድ በኩል ሎሚ፣ በሌላው በኩል ብርቱካን ያፈራል። ሰውን ገፋ ገፋ አድርጌ ወደ ገመዱ ተጠጋሁ። አባባ ስለዚህ ዛፍ ስንቴ ነግረውናል? እኛስ ደግሞ ጀመራቸው ተባብለን ስንቴ አፋችንን በእጃችን ሸፍነን ስቀናል? ግንዱ ወገቡ ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ገባ ብሏል፣ ቀበቶ እንዳጠበቀ ሰው። እማዬ ታማ በተኛችበት ወር፣ አባባ ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር አስረው ያዳቀሉበትን ሽቦ ማላላት ረስተው ግንዱን የበላው እሱ ነው። በኋላ በፒንሳ ቆርጠው ሲያወጡት ማልቀሳቸውን ነግረውናል።

አስጎብኚው ምን ቢል ጥሩ ነው? ያዳቀለው ከውጭ የመጣ ሊቅ ነው፤ ቀለበቱም ፍሬ እንዲበዛ ሆን ተብሎ በጥበብ የተሠራ ነው አለ። ሰሌዳው ላይም እንደዚያው ተጽፏል። ደሜ ፈላ። ያዳቀለው አባቴ ነው፣ ቀለበቱም ጥበብ ሳይሆን ስህተት ነው አልኩት። ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው አለኝ። እኔ መቼ ጠየቅኩት? አለቃዬ ደግሞ ክንዴን ይዛ አታዋርጂን፣ የመጣነው ለመዝናናት ነው አለችኝ። ገመዱን ተሻግሬ ጣቴን ቀለበቱ ውስጥ ከተትኩ፤ ጥበቃው ፊሽካውን ነፋብኝ። የቀሩት ፎቶ ሲነሱ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እርር ድብን ስል ዋልኩ።

እስከዚህ የተናደድኩት በእነሱ ነው። ቤቴ ገብቼ ያለፈውን ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ንዴቴ ወደ አንቺ ዞረ፤ አልደብቅሽም። አባባ በየማለዳው ሽቦውን አላላችሁት ወይ እያሉ ያስቸግሩኛል፣ እኔም ምን ሽቦ አለ፣ ይተኙ እላቸዋለሁ፣ ሐኪሙ ማረጋጊያ ኪኒን አዘዘላቸው ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ጉደኛዋም ኪኒኑ ጥሩ ነው ብዬ መለስኩልሽ። አስጎብኚውስ አባባን አያውቃቸውም። እኛ ምን ነክቶን ነው?

ታላቄ ብትሆኚም ዛሬ አዝዝሻለሁ። ነገ ጠዋት በግራ በኩላቸው ተቀመጪ፣ ደህና የሚሰማው ያኛው ጆሯቸው ነው። ሲጠይቁሽም ምን ሽቦ እንዳትያቸው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ እሱ እንኳ አባባ ሲያወሩ ዝም ብሎ ያዳምጣቸው ነበር። ትልቁን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጊልኝ። ለአባባ የምልከው ሰላምታ ይህ ነው፦ ሽቦው ወጥቷል። ዛፉ አልሞተም፤ ዘንድሮም በሁለቱም በኩል አፍርቷል። በጣቴ ነክቼ አይቻለሁ በያቸው።

ታናሽሽ
ከድሮው ቤታችን፣ ሰኞ ሰኔ 9 ቀን