የፍል ውሃው ጄሪካን

ይድረስ ለእህቴ፤

ልጄ በር ቆለፈብኝ። የገዛ ልጄ እንደ ዶሮ ቆልፎብኝ ሄደ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እሱ በስልክ አሳምሮ ሳይነግርሽ ከእኔ እንድትሰሚው ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ያቺ አፈኛ የልጅ ልጅሽስ ትምህርቷን ያዘች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ታውቂዋለሽ፣ እንደ ባለቤቱ እምቢ ባይ ነው።

ልጄና ምራቴ አልጋና ምድጃ ያለው ትልቅ መኪና ተከራይተው ለሽርሽር ይዘውኝ ወጡ። ቤት ዘግቶ ሌላ ቤት እየነዱ መዞር ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ዝም ብዬ ገባሁ። ዝም ያልኩት በምክንያት ነው። ልጄ ብቻህን መኖርህን ተውና እኔ ቤት ግባ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሟል። እኔ ደግሞ ከገዛ ቤቴ አልወጣም ብያለሁ። በዚህ ጉዞ ራሴን እንደምችል አይቶ አፉን እንዲይዝ ነበር ሐሳቤ።

የደረስንበት ቦታ መሬቱ ይጨሳል። እዚህም እዚያም ጭቃው ይንተከተካል፣ አየሩ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ከመካከሉ የፈላ ውሃ ተነስቶ ከቤት ጣሪያ በላይ ይዘላል። ሰዉ በሳንቃ መንገድ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ለውሃ ይጨበጨባል? እኔ የመጣሁት ለጉልበቴ ነው። ፍል ውሃ ጉልበት እንደሚያድን ከእኔና ካንቺ በላይ ማን ያውቃል፤ እናታችንን ተሸክመን የወሰድናት እኛ አይደለን? ስለዚህ ፎጣ፣ ሳሙናና ጄሪካን ይዤ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አጥሩን ልሻገር ስል ጥበቃው በፉጨት አስቆመኝ። ምራቴ፣ አባባ ይሄ እኮ ሥጋ የሚቀቅል ውሃ ነው፣ አለችኝ። ሲቀዘቅዝ እታጠብበታለኋ፣ አልኳት። ሳቀች። ልጄ አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ተኝቼ ሳለ ሁለቱ ሊዞሩ ሲወጡ ልጄ የመኪናውን በር ከውጭ ቆለፈው። ነቅቼ እጀታውን ብነቀንቅ፣ ብጣራ፣ መልስ የለም። እህቴ፣ በዚህ ዕድሜዬ በመስኮት ወጣሁ። መጀመሪያ ጄሪካኑን ወረወርኩ፣ ቀጥሎ ራሴን። አጠገባችን ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት ሌባ ብላ ጮኸችብኝ። ሌባ በመስኮት ይገባል እንጂ አይወጣም፣ ብያት አለፍኩ።

ፍል ውሃው ያለበት ሜዳ ደርሼ ጄሪካኑን አጥሩ ሥር አስቀመጥኩና ሽንት ቤት ሄድኩ። ወረፋ ነበረው። በዚህ መካከል ልጄ ተመልሶ አልጋዬን ባዶ ያገኘዋል። ሲሮጥ ሲመጣ ጄሪካኑን ብቻውን ያየዋል፤ አባቴ ገባበት ብሎ ደመደመ። አጥሩን ዘሎ፣ አባዬ አባዬ እያለ እንፋሎቱ ውስጥ ሮጠ። መሬቱ ከላይ እንደ ዳቦ ቅርፊት ስስ ነው፤ ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ጩኸቱን ሽንት ቤቱ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ድምፁን ለየሁት። ጉልበቴን ያመኛል ማለቴ ቀርቶ ሮጥኩ።

ጥበቃው ጎትቶ አወጣው። ሐኪሙ ቆዳው ተላጠ እንጂ እግሩ ይድናል ብሏል። ፋሻውን የምቀይርለት እኔ ነኝ። ምራቴ እጅህ ይንቀጠቀጣል ትለኛለች፣ እሷ ግን ቁስሉን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ትናንት ፋሻውን ስፈታ ልጄ፣ አባዬ ቤትህ ኑር፣ ከእንግዲህ ና አልልህም፣ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ልሰማው የፈለግኩት ቃል ነው። ስሰማው ግን እንዳሰብኩት አልጣመኝም። እግርህን ቀጥ አድርግ፣ አልኩትና አዲሱን ፋሻ ጠቀለልኩለት።

እግሩ እስኪድን እሱ ቤት እቀመጣለሁ። እስኪድን ብቻ። ፋሻ የሚቀይር ሰው እዚያ ቤት ስለሌለ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው።

ባለቤትሽን፣ እንደ በረዶ ውሃ የቀዘቀዘውን ያን ሰው፣ ሳሉን ይተውና እንዲጽፍልኝ ንገሪው። ሴት ልጅሽን ሳሚልኝ። አፈኛዋን ደግሞ ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊውን እግዜር ይስጥልኝ በይው፣ የሰፋልኝ ኮት ልኬ ሆኗል።

የበሩን ነገር በተመለከተ ልጄ ቆለፈ፣ እኔ ወጣሁ፣ እግሩ ተቃጠለ። ጥፋተኛው ማነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ብትጠይቂኝም አልመልስም። እስክሞት ድረስ ይህን ነገር ከአፌ አትሰሚም።

ታላቅ ወንድምሽ
ከመኪናው ውስጥ፣ ረቡዕ ጠዋት