ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ካሜራ

ልጄ ሰብሌ፣ አሸተን ማርያም ቤሩት ድረስ በጥላዋ ትከልልሽ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ልጅሽ ናሆም ጥርስ አወጣ። ገብሱም ዘንድሮ ደህና ይዟል።

ሰብሌ፣ በደልኩሽ። ወንድምሽ ምሥጋናው ያረፈ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሳይገባ ሮጬ፣ ናሆምን እንድታዪበት የላክሽውን ካሜራ ወደ ግድግዳ አዞርኩት። የንስሐ አባታችን፣ «ብቻዋን እንዳትሰማ፤ እዚያ ያሉ ያገሯ ልጆች በማለዳ ሄደው ያርዷት» ብለው ነበር። ካላየሽ የማታውቂ መስሎኝ ነው። ለካ ይሰማል! ግድግዳ እያየሽ ሙሾዬን ሰማሽ፤ በሰው ቤት፣ አይዞሽ የሚልሽ ሳይኖር። ሊያረዱሽ የመጡትን ልጆች ጥቁር ለብሰሽ እንደጠበቅሻቸው ነገሩኝ።

ምሥጋናው ካሜራውን ሲሰቅል፣ «እማ፣ እንግዲህ ጎረቤት ማማት ቀረልሽ!» ብሎ ስቆብኝ ነበር። ቀልዱን መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ እንጂ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አሁን መልሼ ወደ ናሆም አዙሬዋለሁ። ቀና ብዬ ለማየት ግን አፍራለሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አላነሳሽም፤ አልፈርድብሽም። ያንቺም ድምፅ በካሜራው እንደሚመጣ የምሥጋናው ጓደኛ ነገረኝ። እኔን ማናገር ቢከብድሽ ልጅሽን በስሙ ጥሪው። ማልቀስም ካማረሽ አልቅሺ፤ እኔ ከሥሩ ተቀምጫለሁ፤ ዳግመኛ ብቻሽን አታለቅሺም።

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልሽ፤ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ደብሪቱ