የሕፃናቱን እጅጌ እሳቸው አልቆረጡም

ሠፈሩ ሁሉ «እማማ ፍቺው» እያለ የሚጠራቸው እናታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ጥር 9 ቀን 1945 ዓ.ም. ከጣውላ መሸጫው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማራቸው መቀስ ነው።

በ1963 ዓ.ም. የደንብ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥረው በቆረጣ ክፍል ለሠላሳ ዓመት ሠሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው የጨርቅን ፊትና ጀርባ በጣታቸው ይለዩ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የምጽፈው እንዲሁ ለማሞገስ ብዬ አይደለም።

በ1967 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌሩ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው እኔን፣ እህቴንና ወንድሜን ወለዱ። አባታችን ትሑት ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የኮታቸውን ቁልፍ ራሳቸው ተክለው ለእናታችን ቢያሳዩ «ፍታው» ተባሉ፤ ፈተው እንደገና ተከሉ። በ1992 ዓ.ም. ሲያርፉም የለበሱት ያንኑ ኮት ነበር።

እናታችን ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. የሠፈራችንን የስፌት ቡድን በገዛ ሳሎናቸው መሠረቱ። ሰባት ሴቶች፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ነበሩ። የቤተ መጻሕፍቱን መጋረጃ፣ የአረጋውያን ማረፊያውን የአልጋ ልብስ፣ የትምህርት ቤቱን የቴአትር አልባሳት ሠርተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የተቀደደ ያለው ሁሉ ይዞ ይመጣ ነበር፤ እናታችን ግን ጠግነው አይሰጡም፣ አስቀምጠው ያስተምራሉ። ጠማማ ስፌት ካዩ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን «ፍቺው» ነው። ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሳሎናችን ሲጠብብ ቡድኑ ከቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ሰፊ ቤት ተዛወረ። ከሰባቱ አንዷ የነበሩት የቤቱ እመቤት ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ንግግር ያውቃሉ፤ ጨርቅ ግን አያውቁም። ዛሬም ከመካከላችን ስላሉ ፊት ለፊት መናገሬን እንደ ነውር አትቁጠሩብኝ። ከኋላ ማውራት የእሳቸው እንጂ የእኛ ቤት ልማድ አይደለም።

በሚያዝያ ወር 2003 ዓ.ም. ቡድኑ ለሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል ስድሳ የሕፃናት ሸሚዝ ለመስፋት ቃል ገባ። በዚያው ሳምንት እኔ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩና እናታችን ሊያርሱኝ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው መጡ፤ ዘጠኝ ቀን ከጎኔ አልተለዩም። ከመሄዳቸው በፊት የእጅጌውን ንድፍ በወረቀት ቆርጠው፣ በላዩ ላይ «ጨርቁ ታጥፎ ይቆረጥ» ብለው በትልቁ ጽፈው ጠረጴዛው ላይ ትተዋል። ጨርቁ ካልታጠፈ ሁሉም እጅጌ ለአንድ ወገን ይሆናል። ጨርቁ በአንድ ፊቱ ብቻ አበባ የታተመበት ስለሆነ ገልብጦ መጠቀምም አይቻልም።

የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ይመጣል ተብሎ ስለነበር ክብርት ሊቀመንበር መቀሱን በራሳቸው እጅ አነሡ። ለፎቶ እንዲያምር ጨርቁን ዘርግተው ቆረጡት። መቶ ሃያውም እጅጌ የቀኝ ሆነ። እናታችን ተመልሰው ሲያዩት በቆሙበት «ይፈታ!» አሉ። ቀኑ ደርሷል ተብሎ አልተፈታም፤ የግራው እጅጌ በጀርባው ተገልብጦ ተሰፍቶ ለሆስፒታሉ ተሰጠ። ሆስፒታሉ በሦስተኛው ቀን ስድሳውንም መለሰ።

በስብሰባው ላይ ሊቀመንበሯ «እሷ ናት የቆረጠችው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ምን ታድርግ» አሉ። ምን ታድርግ! እናታችን የቀሩትን አምስት ሴቶች ተራ በተራ አዩአቸው። ቆራጯን አምስቱም ያውቃሉ፤ አንዷም ቀና አላለችም። በቃለ ጉባኤው ላይ «በዓይናቸው መድከም ምክንያት በደረሰው ጥፋት ከቆረጣ ሥራ እንዲገለሉ ተወስኗል» ተብሎ ተጻፈ። እናታችን መቀሳቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ወጡ፤ ያን ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጡም።

ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም። የስፌት መኪናቸውን ወደ መንገድ የሚያሳየው መስኮት ሥር አስጠጉት። ቡድኑ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ መጋረጃውን ገልጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሴቶቹ በመስኮቱ ፊት ሲያልፉ ጠብቀው ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ያስገባሉ። አንድ ጊዜ፣ ያውም በመጀመሪያው ሙከራ። ይህን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አድርገዋል። ሊቀመንበሯ መንገድ ቀይረው በጓሮ በር መግባት የጀመሩ ዕለት እናታችን ያን ያህል ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

በ2009 ዓ.ም. የሊቀመንበሯ የልጅ ልጅ በሰባት ወሯ ተወለደች። የተዘጋጀላት ልብስ ሁሉ ዋጣት። አዋላጅ ነርሷ «ለዚህች የሚሆን ልብስ መቁረጥ የሚችሉ አንዲት ሴት አሉ» ብላ ወደ ማን እንደላከቻቸው ታውቁታላችሁ። ሊቀመንበሯ ልጃቸውን ልከው እሳቸው ከበራችን ውጭ ቆሙ። እኔ «ባዶ እጇን ትመለስ» አልኩ። እናታችን ግን ተቆጡኝ፤ «ሕፃኗ ምን አደረገችኝ?» አሉና በዚያው ከሰዓት ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ አራት ሸሚዞች ሰፉ። ሲያስረክቡም በሩ እንደተከፈተ፣ ውጭ እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሁሉም ቀኝና ግራ እጅጌ አላቸው፤ ለእናትሽ ቆጥረሽ አስረክቢያት» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። «ለበጎ ፈቃድ አገልግሎትዎ ቡድኑ ያመሰግናል» ይላል። «አጥፍቻለሁ» የሚል ቃል ገልብጠን ብናየውም የለበትም። ወረቀቱ ወፍራም ስለነበር እናታችን የኪስ ንድፍ ቆረጡበት።

እናታችንን በ2014 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በሕክምና ቢረዱም እየከፋ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ወራት ባሳለፉበት አልጋ ላይ ስለ ምግብ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጠያቂ አላማረሩም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኝ ነበር፤ «ያ የቃለ ጉባኤው ገጽ ተስተካከለ?» ሁለት ጊዜ ሊቀመንበሯ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። ሁለቴም «የቆየ ነገር እኮ ነው የኔ ልጅ፤ አሁን ምን ያደርጋል?» ተባልኩ። ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። ገጹ አልተስተካከለም። ለዚህ ነው የምናደደው፤ የምናደደውም ዛሬ ብቻ አይደለም።

በሕይወት ሳሉ «ተይ፣ በራሷ አፍ ትናገረው» እያሉ ስለከለከሉኝ ዝም ብያለሁ። አሁን የሚከለክለኝ የለም። ይህ ጽሑፍ በሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ በእጃችሁ ነው። ሊቀመንበሯ ትናንት መጥተው እንድናሳጥረው ጠይቀውናል፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብቻ አውጥተናል።

እናታችን ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ ስድስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታናሽ እህት፣ እንዲሁም መርፌ አያያዝ ያስተማሯቸውን ቁጥራቸውን የማናውቀው የሠፈር ልጆች ትተዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመማችሁና ዛሬም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እውነቱን እያወቁ ዝም ላሉት ግን እስኪናገሩ ድረስ ዕረፍት ይንሳቸው።

ክብርት ሊቀመንበር በቡድኑ ስም የስንብት ንግግር ለማድረግ ጠይቀው ነበር፤ በደስታ ፈቅደናል። ተራቸውን ከዚህ ንባብ ቀጥሎ ያደረግነው እኛው ነን። የቡድኑ ጸሐፊ ዛሬ ማለዳ አልቅሳ ያመጣችልን የ2003 ቃለ ጉባኤ መዝገብ በአስከሬን ሳጥኑ ራስጌ፣ ጠረጴዛ ላይ በዚያው ገጽ ተከፍቶ ተቀምጧል። እስክሪብቶም አለ። አስከሬኑን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ውጭ ይጠብቃል፤ እኛም አንቸኩልም።

ይምጡ፣ እመቤቴ፤ መድረኩ የእርስዎ ነው።