ስለሰረዟቸው ሁለት ቅንፎች ለክቡር የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊያችን

ለተከበሩ የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ካለፈው ማክሰኞ ስብሰባ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ እንዳለዎት ሰምቼ በጣም ነው ያዘንኩት። እኔ እንኳን ሥራ ስለሌለኝ ጠግቤ እየተኛሁ ነው።

ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮድ ቋንቋ በተሰነጠቀ ስልክ የተማርኩ፣ ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ እኔን የሚያክል ያልነበረ ልጅ ነኝ። ያባረሩኝበት ደብዳቤ «በትምህርት ማነስ በተፈጠረ ስህተት» ስለሚል፣ ሰው ሁሉ አይቶ እንዲፈርድ በአደባባይ ልጽፍልዎ ደፈርኩ።

1ኛ፦ የሠራተኞች ፋይል ሳጥን ውስጥ ሳጥን ነው፤ ሠራተኛው ውስጥ ግምገማ፣ ግምገማው ውስጥ ውጤት አለ። ፋይሉ ስብሰባ ላይ በትልቁ ስክሪን ሲታይ የግል የግሉ እንዲደበቅ የመንገድ አጻጻፍ ፈጠርኩ። «ሠራተኞች.ጸሐፊዋ.ግምገማ» ተብሎ ሲጻፍ ማሽኑ በየነጥቡ አንድ አንድ በር ከፍቶ እየገባ፣ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ይሸፍናል። ይህንን «የእኔ ንድፍ» ብለው ለሥራ አስኪያጁ ስላቀረቡልኝ አመሰግናለሁ፤ የኔ አፍ ለትልቅ ሰው አይሆንም ነበር።

2ኛ፦ ስሙ ውስጥ ራሱ ነጥብ ያለው ሰው ከመጣ፣ ማሽኑ አንዱን በር ሁለት በር ይመስለዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ስም በቅንፍ ይታቀፍ ብዬ ሕግ አወጣሁ። እርስዎ ግን «ቅንፉ ያስጠላል፣ ያልተማረ ሰው ሥራ ነው» ብለው ሰረዙት። ለውበት ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ።

3ኛ፦ የመቶ አሥራ አራታችንም የመግቢያ ስም አንድ ቃል ነው። የእርስዎ ብቻ፣ ለማዕረግ ይመስለኛል፣ ከአባትዎ ስም ጋር በነጥብ ተቀጥሏል። ማክሰኞ ዕለት ማሽኑ የሁላችንንም ሸፍኖ፣ የእርስዎን በር ፈልጎ ሲያጣ ሳይሸፍን አለፈ። «የሙያ ፈተና፦ ለአራተኛ ጊዜ ወድቀዋል» የሚለው ግድግዳውን ሞልቶ ሲወጣ፣ የጽዳቷ እናታችን እንኳን «ውይ የኔ ልጅ፣ አይዞህ» ብለው ጀርባዎን መታ መታ አደረጉ። ላሳቁን ሳቅ ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

4ኛ፦ በነጋታው ጥፋቱን እኔ ላይ ጭነው አባረሩኝ። እኔ የምፈልገው ሥራዬንና ስሜን ነው፤ ሌላውን ለእርስዎ ትቻለሁ።

እጅ ነስቼ፣ መሬት እስክነካ ጎንበስ ብዬ፣ ከዚያም ቀና ብዬ፣
ያልተማረው ሠራተኛዎ

ልረሳው ነበር፦ ኮዱን ማን በስንት ሰዓት እንደነካው ማሽኑ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ቅንፉ የተሰረዘበትን ገጽ አትሜ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አስገብቻለሁ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሁለታችንንም ጠርተውናል፤ እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ፣ ፊት ለፊት ወንበር ይዤልዎት እጠብቃለሁ።