የሳያት ጆሮ

ሀዋሳ፣ ጳጉሜን 3 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽስ? ከደሴ ብርድ ጋር ታረቃችሁ ወይስ አሁንም እንደተኳረፋችሁ ናችሁ? እኔ ፀጉሬ ከመመናመኑና ሆዴ ከመፋፋቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያው የድሮው ወንድምሽ ነኝ። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በመጨረሻ ስትደውዪልኝ ከሰላምታ ሳናልፍ ዘግቼብሻለሁ። ወረቀት ግን ሰው ቢናደድበትም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ደግሞ የሚያስቅ ወሬ ነው ያለኝ።

ዛሬ ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡም አላሳፈረንም። ልጄ ሳያት ከሠፈር ልጆች ጋር ግቢው ውስጥ እየጮኸች ዝናቡን ትታጠባለች። ግራ ጆሮዋን በፌስታል ጠቅልላ በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። ያከመቻት ነርስ ቁስሉ ጨርሶ እስኪደርቅ ውሃ አይንካው ብላለች፤ የሩፋኤል ዝናብ ደግሞ አይታለፍም። አሥራ አምስት ዓመት ሞላት እኮ እትዬ! የዛሬው ወሬዬ የዚያ ጆሮ ጣጣ ነው።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታን እጾማለሁ አለችኝ። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን ከራሷ አላወርድ አለች። ስታነብ ነጠላ፣ ዕቃ ስታጥብ ነጠላ፣ ስትተኛም ነጠላ። ያቺ ድምፅዋ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ልጅ ስጠራት አንገቷን ደፍታ በቀስታ “አቤት” ትለኝ ጀመር። መቼም አፌን ታውቂዋለሽ። ትምህርት ቤት ዝግ ቢሆንም ለሥራ ባልደረቦቼ መምህራን ሁሉ እየደወልኩ ነገርኩ፤ ፀጉር አስተካካዬ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰበክሁ። እናት የሌላትን ልጅ ብቻዬን እንዲህ አድርጌ አሳደግሁ እያልሁ ደረቴን ነፋሁ። የንስሐ አባቴ ብቻ ሰምተው ሲያበቁ፣ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲጸድቅ ኪሱን ፈትሽ አሉኝ። እኔ እንደ ቀልድ ቆጥሬ ሳቅሁ።

ጾሙ ሲፈታ ዓሣ ልጋብዛት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ይዣት ሄድኩ። ዓሣው ተጠብሶ እስኪመጣ፣ እንኳን አደረሰሽ የኔ ጻድቅ ብዬ ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ይዤ ልስማት ሳብ አደረግኋት። የጮኸችው ጩኸት እትዬ፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ የሐይቅ ወፎች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አስነሳቸው። ዓሣ ጠባሿ ሴትዮ ቢላዋዋን ጥላ ሮጣ መጣች፤ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ “ጋሼ፣ ይሄ ጾም አይደለም፤ ይሄ መርፌ ነው” አለችኝ። ጆሮዋ ቲማቲም መስሎ አብጧል። ከመግሉ መሃል የመጥረጊያ ስንጥር ብቅ ብሏል። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ የዓለምን ወንዝ ሁሉ ከነገባሩ እቆጥራለሁ፤ የልጄን ጆሮ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አላየሁትም።

ዓሣውን እዚያው ትተን በባጃጅ ክሊኒክ በረርን። ሲስተር አስካለ የምትባል ነርስ ተቀበለችን፤ ቁጣዋ ቁርጥ የአንቺን ነው። ስንጥሩን እያወጣች፣ መግሉን እያፈሰሰች፣ ሳያትንም እያናዘዘች ሁሉን ነገር አወጣጣችው። ጆሮ የተበሳሱት ሦስት ናቸው፦ የእኔዋና ሁለቱ ጓደኞቿ፣ ኡሙልኸይርና ሃሴት። በኡሙልኸይር ቤት፣ ስልክ ላይ ያዩትን ቪዲዮ እየተከተሉ፣ አንድ የልብስ መርፌ በላይተር አሙቀው ተራ በተራ ተበሱ። የእነዚያ በደህና አለፈ። ሳያት ላይ ሲደርሱ የኡሙልኸይር እጅ ተንቀጠቀጠና መርፌው ለስላሳውን ሥጋ ስቶ ላይኛውን የጆሮ አጥንት ወጋው። ቀዳዳው እንዳይደፈን የመጥረጊያ ስንጥር ሰኩበት። ሲያመረቅዝ ደግሞ ያቀዘቅዛል ብለው የጥርስ ሳሙና ለቀለቁት። ኡሙልኸይር ሂጃብ አላት፣ ማን ያይባታል? ለእኔዋ ደግሞ ፍልሰታ ደረሰላት።

ሲስተር አስካለ፣ ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ ይሄ ጆሮ እንደ ደረቀ ቂጣ ተኮማትሮ ይቀር ነበር አለችን። ተመስገን ልል ስል ወደ እኔ ዞረች። ጆሮውስ ይድናል፣ በአንድ መርፌ ሦስት ሰው መበሳት ግን ደም መቀላቀል ነው፤ የጉበት በሽታ አለ፣ ሌላም አለ፣ ነገ ሦስቱንም አምጣልኝ አለች። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልነግርሽም።

በማግስቱ የኡሙልኸይር አባት ጠሀ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ የሃሴት እናትም መጣች። ጠሀ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ መምህር፣ ነገሩ የሆነው በእኔ ቤት ነው፣ ይቅር በለኝ አለኝ። የሦስቱም ደም ነጻ ነው፣ ለመተማመኛ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል ስንባል እኔና እሱ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን አለቀስን። ልጆቹ አፈሩብን፤ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው ብለው ወደ ውጭ ወጡ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጠየቅኋት። እሷም ነገረችኝ። ለመታወቂያ የልደት ካርዷን ፍለጋ ቁም ሳጥኔን ስትበረብር አንድ ጥንድ የወርቅ ጉትቻ አገኘች። ከሥሩ “ለልጄ፣ ለክርስትናሽ” የሚል ቁራጭ ወረቀት አለ። የእናቷ ጽሕፈት መሰላት። እናቴ የተወችልኝን ወርቅ ሳላደርገው እንዴት እኖራለሁ አለችኝ፤ አንተን ብጠይቅህ ደግሞ ያምህ ነበር አለችኝ። ጽሕፈቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

የእናቷን የዮርዳኖስን አርባ ልታወጪ መጥተሽ፣ አንተ ወንድ ነህ፣ ጨቅላ አታውቅበትም፣ ልውሰዳት ስትዪኝ፣ ልጄ ከእኔ ሌላ ዘመድ የላትም ብዬ በር የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። ወርቁን በሰው ስትልኪም አንዴ እንኳን ሳላሳያት ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። ጎረቤቶቼ ጆሮዋን አስበሳላት እያሉ ሲነዘንዙኝ፣ አድጋ ራሷ ትወስን እል ነበር፣ ዘመናዊ አባት መስዬ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጆሮዋ ከተበሳ ወርቁን ማውጣት ነበረብኝ። ወርቁ ከወጣ ደግሞ የማነው ትላለች።

እናትሽ አይደለችም የጻፈችው፣ አክስትሽ ናት፣ ደሴ ነው ያለችው አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። ባጃጁ ደጃችን ቆመ። ከዚያ “አክስት አለኝ?” አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ በሦስተኛው እየሳቀች ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ትስቃለች ወይ? ትዘፍናለች ወይ? እኔን ትመስላለች ወይ? አፍንጫችሁ አንድ ነው አልኳት፤ መስታወት ፊት ሄዳ ግማሽ ቀን ቆመች።

ትናንት ለምርመራ ተመልሰን ነበር። ጆሮው ቅርጹን እንደያዘ ነው፤ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ቀርቶታል። ሲስተር አስካለ የድሮው ቀዳዳ ይደፈን፣ መስከረም ሲያልቅ በንጹሕ መርፌ፣ በትክክለኛው ቦታ እኔው እበሳታለሁ ብላ ቀጠሮ ልትጽፍ ብዕር አነሳች። ሳያት ቀደመችኝ። ቀኑን አክስቴ ከደሴ ስትመጣ አድርጊልኝ፣ ወርቁን የምታደርግልኝ እሷ ናት አለች። ነርሷ መቼ ትመጣለች ብላ ወደ እኔ አየች። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ሳያት ሳትደነግጥ “መስከረም ሃያ አምስት” አለች፤ ነርሷም ጻፈችው።

እንግዲህ እትዬ፣ ካርዱ ተጽፏል። እኔን ብታሳፍሪኝ ይገባኛል፤ እሷን ግን አታሳፍሪብኝ።

አዲሱን ዓመት በጤና፣ በጥጋብ፣ በሳቅ ያሳልፍሽ። መንገዱን የአምላክ እናት ታቅናልሽ። ከሃያ ሦስት ጀምሬ በየጠዋቱ መናኸሪያ አለሁ፤ ፀጉሬ ስለሸሸ እንዳታልፊኝ ስሜን ጥሪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ