በደረቁ ወንዝ የፈሰሰ ወተት

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምፈራዎት ለሚስቴ እናት፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? የዘንድሮው ክረምት ጭልጋን ምን አድርጓት አለፈ? ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን በዚህ ወር የዋሸሁት ይበቃኛል። በሕይወት አለሁ፤ ለዚያ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤውን የሚያነብልዎት ዲያቆን ጎረቤት ሳይሰማ፣ በር ዘግቶ ያንብብልዎት። ልጅዎ የሺመቤት ይህ ወረቀት በደረሰዎት በሳምንቱ ከነጋዴ ሴቶች ጋር በመተማ በኩል ትመጣለች። አምና ተኳርፈን ወደ እርስዎ መጥታ በነበረ ጊዜ፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ብለው መክረው መልሰውልኛል። ያን ጊዜ እጅዎን ስሜ አመስግኜ ነበር። ዘንድሮ የምለምንዎት ሌላ ነው፤ እሱን ከመለመኔ በፊት ግን የሆነውን ሁሉ መስማት አለብዎት።

ነገሩ የመጣው በወተት ነው። የሱዳኑ ጦርነት የተነሳ ጊዜ ከፖርት ሱዳን የሚመጣው መንገድ ተዘግቶ የዱቄት ወተት ከሱቅ ጠፋ። ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ ደግሞ ልጆቹን ተሸክሞ ገዳሪፍ ላይ ወረደ፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በሰው ተሞላ። ያን ጊዜ ላም ያለው ሰው ንጉሥ ነበር። ወተት እዚህ በርጥል ነው የሚለካው፤ አንድ ርጥል ወተት ሁለት ኪሎ አምባዝ ይገዛ ነበር። አምባዝ የሚሉት የሰሊጡን ፋጉሎ ነው። እኔም እንደ ሰው ሁሉ አበድኩ። ባሱንዳ በሚባለው ቦታ የተከራየሁትን የሰሊጥ መሬት ለቅቄ፣ የልጅዎን የአንገት ወርቅ ሳላስፈቅዳት ሸጬ፣ አምስት ክልስ ላሞች ገዛሁ። እርስዎ ከሰጡን ጊደር ከተወለዱት ጋር ዘጠኝ ሆኑልኝ።

ዘንድሮ መንገዱ ሲከፈት ዱቄቱ እንደ ጎርፍ መጣ። በድሩ የሚባል ባለሱቅ አለን፤ የወሎ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ አገሮች ወተታቸው ሲተርፋቸው አድርቀው በከረጢት እንደሚሸጡት፣ ዋናው ገዢ አገር አልገዛም ሲል ዋጋው እንደሚወድቅ፣ የወደቀው ዋጋ መርከብ ተሳፍሮ እኛ ዘንድ እንደሚደርስ አስረዳን። እኔም፣ ታዲያ የእኛን ወተት ዋጋ የሚቆርጠው ሰውዬ የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ጠየቅሁት። በድሩም፣ "ብነግርህስ ዱላህን ይዘህ ልትሄድ ነው?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በድሩ ያውቀኛል።

የወተቱ ዋጋ ሲወድቅ የአምባዙ ከወጣበት አልወረደም። አንድ ርጥል ወተት ግማሽ ኪሎ አምባዝ እንኳ አልገዛ አለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እስቅ ነበር፤ የእኛዎቹ ደጃፋችን ላይ ቆመው እንዲያ ሆኑብን። በዚህ መሃል በድሩ በስልኩ አንድ ነገር አሳየን። ፈረንጅ ገበሬዎች ዋጋ ወደቀብን ብለው ወተታቸውን በቦቴ አምጥተው አስፋልት ላይ ይደፉታል። ያን ባላየን ይሻለን ነበር።

በማግሥቱ ላም ያለን ሃያ ሦስት አባወራዎች ከሰፈሩ ሽማግሌ ከአቶ ጋረደው ግቢ ተሰበሰብን። ከቆረጥነው ዋጋ በታች ማንም ለከተማ ላይሸጥ፣ የሸጠም ወተቱ ሊደፋበት፣ ክርስቲያኑ በወንጌል እስላሙ በቁርዓን ተማማልን። አቶ ጋረደው፣ መድፋት እንጂ መምታት የለም ብለው ሦስት ጊዜ ተናገሩ። ሦስተኛውን የተናገሩት እኔን እያዩ ነው።

ፈረንጁ ሲደፋ ሹሙ በመስኮት ያየዋል። እኛ ስንደፋ ያየን ውሻ ብቻ ነው። ከተማው ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ ይጠጣል፤ እኛ በየማለዳው ትኩሱን ወተት መሬት እናጠጣለን፤ ዝንቡ አበደ። በየተራ መንገድ ጠበቅን። አንዲት መበለት ጀሪካኗን አቅፋ መሬት ላይ ተኛችበት፤ ከእቅፏ ፈልቅቄ የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጣቷ ተሰብሯል። ሰልማን የሚባለው ጎረቤታችን ውሉን አፍርሷል ተብሎ በረቱ ተቃጠለ፤ ሁለት ጥጆች ከነነፍሳቸው ነደዱ። እሳቱን እኔ አልለኮስኩም። ጭሱን እያየሁ ግን፣ ይበለው ብያለሁ።

የሰው ላም በደረቅ አገዳ ከስታ ወተቷ ሲነጥፍ የእኔዎቹ አልነጠፉም። ጉራዬን ይስሙልኝ፤ በየስብሰባው ላም እንደ ጌታዋ ናት እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። አንድ ቀን በረቱ ጥግ የአምባዝ ከረጢት አይቼ ልጅዎን ብጠይቃት፣ የበድሩ ሚስት ሰደቃ ሰጠችን አለችኝ። አመንኳት። የጠዋቱን ወተት እኔው እደፋዋለሁ፤ የማታውን ትንጠዋለች ብዬ ለእሷ ትቼላታለሁ። ቅቤው የት ደረሰ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ዓርብ ማለዳ የጥበቃ ተራዬ አልነበረም። ሣር ላጭድ በትሬንና ማጭዴን ይዤ ወደ ኾሩ ወረድኩ፤ በበጋ ደርቆ አሸዋ ብቻ የሚቀረውን ወንዝ እዚህ ኾር ይሉታል። ሓድሽን እዚያ አገኘሁት። ሓድሽ ከስደተኞች ካምፕ የመጣ የትግራይ ሰው ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ከውሉ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈራችንን ወተት በየደጃፉ እየተቀበለ በአህያ ከተማ የሚያደርስልን እሱ ነበር። መንገዱን ፈርቶ በአሸዋው ላይ አህያዋን ይነዳል፤ በግራና በቀኟ ሁለት ጀሪካን ወተት ተጭኗል።

የማን ነው አልኩት። "አደራ ነው" አለኝ። ስሙን ተናገርና ሂድ፣ አንተን አልነካህም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "ሓወይ፣ ሌላ ሰው ይጠይቀኝ። አንተ አትጠይቀኝ" አለ። እሱ በቋንቋው ወንድሜ እያለኝ እኔ ስድብ ሰማሁ። ከሃያ ሦስት ወንድ መሃል እኔን ብቻ የናቀኝ መሰለኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን ማን ያስታውሳል!

የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ። አልመለሰልኝም። ፊቱን እንኳ አልሸፈነም፤ ጭነቱ እንዳይወድቅ የአህያዋን ገመድ ነው በሁለት እጁ የያዘው። ይሄ ይበልጥ አሳበደኝ። ጎኑን መታሁት፤ ክንዱን መታሁት፤ ከወደቀ በኋላም መታሁት። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። የበትሬ ጫፍ ግራ ዓይኑን ሲያገኘው የሰማሁትን ድምፅ አልጽፍልዎትም። አህያዋ ደንብራ ስትዘል አንዱ ጀሪካን ወደቀ፤ ክዳኑ ተፈናጠረና ወተቱ እግሬ ድረስ ፈሰሰ። በትሬን እንደገና አንስቼ ነበር።

ያቆመኝ ሽታው ነው። ወይራ ሸተተኝ። እዚህ አገር ወይራ የለም። የሰፈራችን ሴት ሁሉ ጮጮዋን የምታጥነው ጣልህ በሚሉት የግራር ዓይነት ነው፤ ሽታው ሌላ ነው። እርስዎ በየዓመቱ ለሾፌር አስይዘው የሚልኩት የወይራ እንጨት የሚገባው አንድ ቤት ብቻ ነው። የደፋሁት የገዛ ቤቴን ወተት ነበር። የሺመቤት የማታውን ወተት በረከሰው ዋጋ እየሸጠች፣ በዚያው አምባዝ እየገዛች ላሞቼን ትቀልብልኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ በእሷ ድካም ሰው መሃል እፎክር ነበር።

ሓድሽ ደሙን በእጁ ይዞ በቀረችው ዓይኑ አየኝ። ወይ አትጨርሰኝ፣ ወይ ውሃ ስጠኝ ይላል ብዬ ነበር። "ቤትህ አትሂድ" አለኝ።

በትሬን ይዤ ቤቴ ሄድኩ።

በስድስተኛው ቀን አቶ ጋረደው አውጫጭኝ ጠሩ። እዚህ ስንኖር ለፖሊስ የሚያመለክት የለም፤ የመኖሪያ ወረቀት አምጡ ከተባለ ከሳሽም ተከሳሽም በአንድ መኪና ነው የሚጫኑት። ስለዚህ እንደ አገራችን ሥርዓት ወንዱም ሴቱም ሜዳ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ሥራ ያለው ሥራውን ፈታ። ያየ ሰው በአፉ መናገር ቢፈራ ለሽማግሌው በጆሮ ይነግራል፤ ሽማግሌውም ወፍ ነገረኝ ይላሉ። እስከ ቀትር ድረስ ምንም ወፍ አልመጣም። ሓድሽ ለሽማግሌዎች ነገሩን በሸንጎ ፊት እንጂ አልናገርም ብሏቸው ነበርና፣ ተራው እስኪደርስ ሁላችንም አንድ በአንድ ማልን። እኔም ወንጌሉን ይዤ፣ አላየሁም አልሰማሁም አልኩ። ሰው ቢያውቅ፣ በትግራይ ልጅነቱ መታው ይል ነበር። አይደለም። የእናቴ ልጅም ቢሆን ያን ቀን እመታው ነበር። ይህ ያጸድቀኝ ወይም ይኮንነኝ እንደሆነ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ ሓድሽን ደግፈው አመጡት። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሐኪሙ ዓይኑን አውጥቶታል። አቶ ጋረደው፣ ልጄ፣ የመታህን ሰው ስሙን ብቻ ጥራልን፣ ካሳህን እኔ እቀበልልሃለሁ አሉት። ከእኔ ሦስት ክንድ አይርቅም። አልቆልኛል ብዬ ወደ መሬት አቀረቀርኩ።

"ሰው አልመታኝም" አለ። "አህያዋ ረግጣኝ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። ስድስት ቀን ሲፈራ የሰነበተ ሰው ነውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቶ ጋረደውም በጭራቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ አልሳቅሁም። ሓድሽ ያቺን ቃል ከየት እንደተማራት አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ወተት ሲቀበል ከልጅዎ አፍ ነው የሰማት። ስሜን ቢጠራ ወተቱ የማን እንደነበረ አብሮ ይወጣ ነበር፤ እኔም ሚስቱ ያዋረደችው ባል ተብዬ፣ ከዚያ ሜዳ ተነስቼ በትሬን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር። እኔ ያሳወርኩት ሰው የፈራው ለእሷ ነው።

ሸንጎው ሲበተን ተከትዬው ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሦስቱን ላሞች ምረጥና ውሰድ አልኩት። ላም አልፈለገም። "አገሯ ስደዳት" አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰላምታዬንም አልተቀበለኝም፤ ደግ አደረገ።

የሺመቤት ከሸንጎው ቀን ጀምሮ በበድሩ ሚስት ቤት ናት። በአጠገቧ አላለፍኩም። አምስቱን ክልሶች ሸጬ በአንገት ወርቋ ምትክ ሌላ ወርቅ በበድሩ ሚስት እጅ ልኬላታለሁ፤ ይቅርታ ብዬ ለመላክ ግን አፍ አጣሁ። መተማን አልፋለች የሚል ወሬ የደረሰኝ ዕለት አቶ ጋረደው ዘንድ ሄጄ በሐሰት መማሌን፣ የሓድሽንም ዓይን ያጠፋሁ እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ብናገር የሰዉ አፍ እዚሁ ሳለች ያገኛታል። የሚፈርዱብኝን እቀበላለሁ።

የወተቱን ነገር ከጠየቁኝ፣ ውሉ ፈርሷል። ሁሉም በወደቀው ዋጋ ይሸጣል። በድሩ ደግሞ አሁን፣ ባሕር ማዶ ወተቱ ቀንሷል፣ ዱቄቱ መወደዱ አይቀርም ይላል። ይህን የሰሙት ጎረቤቶቼ ዛሬ ጠዋት ላም ሊገዙ ገበያ ወርደዋል።

አሁን ልመናዬን ይስሙኝ። ሽማግሌ ልልክብዎት እችላለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ደጅዎ ልወድቅ እችላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ትናፍቀኛለች፤ አለቅሳለሁ። የሺመቤትን እንዳይሰጡኝ። በወንጌል ብምልልዎትም አይመኑኝ፤ በወንጌል እንዴት አድርጌ እንደምምል ነግሬዎታለሁ።

ስትደርስ ግራ ክንዷን በመቀነት አንጠልጥላ ያገኟታል። ምን ሆንሽ ቢሏት፣ ላም ረገጠችኝ ትልዎታለች። አምናም ጥርሷን ላም ነው ብላዎት ነበር። የምትራገጥ ላም እግሯ ታስሮ እንደምትታለብ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ከዘጠኙ ላሞቻችን የአንዷም እግር ታስሮ አያውቅም።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልዎት፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ቤትዎን ከክፉ ሰው፣ ከእኔም ጭምር ይጠብቅልዎት።

የልጅዎ ባል የነበርኩት