ፉከራ የሌለበት ፍላሽ

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሱቅ ዋልኩ። የሰው ስልክ ላይ ዘፈን ስጭን። የራሴ ሠርግ ጥር 18 ነው፤ ለራሴ ግን አንድም አልመረጥኩም... የሠርግ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብኝ።

ማታ አባዬ ቁርጡን ነገረኝ። አዝማሪ አይጠራም። ቀረርቶ፣ ሽለላ፣ ፉከራ... ወፍ የለም። አዝማሪ የሰጡትን ግጥም ይቀበላል፤ አንዱ ሰካራም ስለ ደም ግጥም ቢሰጠው አለቀልን። ፍላሽ ግን የጫንሽበትን ብቻ ነው የሚለው፣ አለኝ።

ልክ ነው። አጎቴን በእርሻ ድንበር የገደለው ደምሌ የእጮኛዬ የተስፋሁን አጎት ነው። ታስሮ ወጣ፤ አባ ወልደ ገብርኤል መስቀል ይዘው አስታረቁን፤ ሁሉም ማለ። ተስፋሁንንም ያወቅኩት በዕርቁ ድግስ ላይ ነው። ፉከራ ሲሰማ ግን የወንዱ ደም ይፈላል። ያኔ መሐላውን ማን ያስታውሰዋል?

ዓርብ፣ ጥር 9

አያ አለበል ሱቅ መጣ። የአባዬ ታናሽ። ደንበኛው እስኪወጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። አንዲት ፉከራ ፍላሹ ላይ ጫኝልኝ አለ። አባዬ ከልክሏል አልኩት። አልሄደም... ምን አስበህ ነው? አልኩት በመጨረሻ።

"ዕርቁ ደሙን ብቻ አይደለም የቀበረው፣ ስሙንም ነው። በቤታችን መሐሪ የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። ቁስል እንዳይነካ ተብሎ የሟቹ አጎቴ ስም ጠፋ። እኔስ? ማክሰኞ "አጎቴን" ብዬ ነው የጻፍኩት። አፈርኩ።

ግን የእውነቱን ነው? ወይስ ጠመንጃ የሚያነሳበት ሰበብ ፈልጎ? የአያ አለበል ፊት አይነበብም። እንቅልፍም የለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ጥምቀትም አለፈ። ፍላሹ ሞላ፤ ሁሉም ስለ ሙሽራ ዓይንና ጥርስ። አንዱንም አልወደድኩት።

ለተስፋሁን ደወልኩ። ወገዳ ከተማ ነው፣ ያስተምራል። አያ አለበል ራሱ፣ በአፉ፣ ያለ ጠመንጃ ይፎክር ብል ምን ትላለህ?

"ደምሌ ሳያውቅ አይሆንም። እኔ እነግረዋለሁ።"

ደምሌ ተቀይሞ ከቀረ ዘመዶቹም ይቀራሉ። ያኔ ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ሠርጉስ? ምን ነክቶኝ ነው ግን? አርፌ አልዳርም?

ሐሙስ፣ ጥር 15

ደምሌ ተነግሮታል። ምን አለ? መንሹን አንስቶ ወደ አውድማው ሄደ አሉ።

ሰኞ፣ ጥር 19

ሠርጉ ትናንት ነበር። ልጻፈው።

የእንግዳው ጠመንጃ ሁሉ ጓዳ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ አባዬ ኪስ ነው። ደምሌ መጣ። ዳሱ ጥግ ተቀመጠ፣ እህል አልቀመሰም። ፊት ለፊቱ አያ አለበልም አልቀመሰ። ስፒከሩ ይጮሃል፣ ሰው ይጨፍራል።

ተነሳሁ። ሙሽራ እንዲህ አትነሳም፣ አውቃለሁ። ሚዜዬ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ሄጄ ስፒከሩን አጠፋሁት።

"አያ አለበል፣ ፎክርልኝ" አልኩ።

የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። ተስፋሁን መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አያ አለበል ዱላውን አንስቶ መሃል ገባ።

"ዘራፍ የመሐሪ ወንድም... ዛሬ የወንድሙን ልጅ ዳረ መሐሪ..."

እልል ያለ የለም። ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። ደምሌ ተነሳ። ጋቢውን አደገደገ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ አሽከር፣ ፉከራው እስኪያልቅ ቆመ።

አያ አለበል እያለከለከ ሄደና ፊቱ ቆመ። ከዕርቁ ወዲህ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

"ተቀመጥ ደምሌ፣ ሠርግ ነው" አለው።

እናቴ ያኔ ነው እልል ያለችው። እኔም ወደ ቦታዬ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

መልስ ተጠርተን አባዬ ቤት ነን። አባዬ ጠላውን ጨልጦ፣ "መሐሪ ቢኖር ይሄኔ ሰፈሩን ሁሉ አስክሮት ነበር" አለ። እንዲሁ፣ በወሬ መሃል። አያ አለበል ሳቀ። እማዬም ሳቀች፣ ትንሽ ቆይታ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።